ሦስት ጊዜ የተዘረጋው ሜትር

አሶሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ስለሺ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። በሰው አገር ያቆመህ አምላክ ጉልበትህንና ዓይንህን ይጠብቅልህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ከመስቀል በኋላም አልተወንም፤ ከሥራ ክፍላችን ደጅ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

በሐምሌ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ለሥራችን የሚሆን የስፌት መኪና ልግዛ ብለሃል። ሳልመልስ የቆየሁት ንቄ አይደለም። የአባትህ እህት ብሆንም፣ በልጅነትህ እኔ ዘንድ አድገህ የተማርክ ብትሆንም፣ ውለታ ለማስመለስ አላሳደግሁህም። አሁን ግን እሺ ብያለሁ። ደክሞናል።

ሥራችንን ታውቀዋለህ። ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ እንሰበስባለን፤ እንገጣጥማለን፤ በመካከሉ የተባዘተ ጥጥ እናነጥፋለን፤ ከሥር አቡጀዲ እናደርግና ሦስቱን ባንድነት እንደርዛለን። መገጣጠሙን የእግር መኪናው ይሠራዋል። ድርዙ ግን ወፍራምና ሰፊ ስለሆነ ከመኪናው ክንድ ሥር አይገባም። ምንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ ተንበርክከን፣ በእጅ ነው የምንደርዘው። አንድ ብርድ ልብስ ለአራት ሴት አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። የሳሊማ ጉልበት ውኃ ቋጥሯል። ሳሊማ የዚሁ የአሶሳ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ሠርታለች። በ2013 ከድባጤ ተፈናቅላ የመጣችው ትዕግሥት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልዘረጋ ይሏታል።

ልኩን አልቀነስኩም። ደሴ ያስተማሩኝ የእጅ ሥራ መምህሬ በአንድ ኢንች ስምንት ስፌት ያልቆጠረ ሥራ አይቀበሉም ነበር፤ እኔም በ1977 ከሰፋሪው ጋር ወደዚህ ስመጣ ይዤው የመጣሁት እሱን ነው። ሰባት ከሆነ ይተረተራል። ሳሊማን ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ ባስተረትራት፣ «ሙዓሊማ፣ አንተ ጀነት ስትገባ የመላእክቱን ልብስ ትተረትራለህ!» አለችኝ። መምህርት ማለቷ ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻዋ ስላልሆነ «አንተ» እያለች ነው የምታናግረኝ፤ ዓመታት አርሜያት ተውኩ።

በል እንግዲህ ምን ዓይነት መኪና እንዳለ ጻፍልኝ። ደውዪ አትበለኝ፤ በስልክ የተናገርኩትን መልሼ ማረም አልችልም።

አክስትህ
የወርቅውሃ

ዊኒፔግ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፣

እጅ እነሳለሁ። ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ሴቶቹንም ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው። ደብዳቤዎ ቶሎ ደርሶኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።

እርስዎ የሚፈልጉት ማሽን ክንዱ ረጅም ነው። ከመርፌው አንሥቶ እስከ ኋላው ድረስ ሰው እጁን እስከ ትከሻው ቢያስገባ የሚያስገባው ክፍት ቦታ አለው። ድርዙ በሁለት ዘንግ መካከል ይወጠራል። ጨርቁ ንቅንቅ አይልም፤ ማሽኑ ነው በሐዲድ ላይ ከጫፍ ጫፍ የሚሄደው። ማንም አይንበረከክም፤ ሥራው ቆሞ ነው። አሥራ አንዱ ቀን ወደ አንድ ቀን ይወርዳል።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንዱ በእጅ የሚመራ ነው፤ ሠራተኛዋ ሁለት እጀታ ይዛ መስመሩን በዓይኗ እየተከተለች ትነዳዋለች። ሁለተኛው ኮምፒውተር አለው፤ ሥዕሉን ሰጥተውት ቁልፍ ሲጫኑ ራሱ ይሄዳል። እኔ በምሠራበት የፍራሽና የብርድ ልብስ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ነው የያዝኩት፤ ስለዚህ እሱን አውቀዋለሁ። ጠንካራ ነው፤ ሲበላሽም በመፍቻ ይከፈታል። እሱን ብንይዝ ይሻላል እላለሁ።

የክፍሉን ርዝመት ይላኩልኝ፤ ፍሬሙ ትልቅ ነው።

ልጅዎ ስለሺ

አሶሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ስለሺ፣

የጥምቀት በረከት ይድረስህ። ደብዳቤህ በአርባ አራት ቀን ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ኮምፒውተር ያለውን እፈልጋለሁ።

ይህን ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ከሸርቆሌ ለሕፃናት መዋያ ስልሳ ድርዝ ታዘናል። ሥራው ሲበዛ እኔ ከእያንዳንዱ ራስጌ ቆሜ ስፌት ልቆጥር አልችልም። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። እኔ ከሌለሁ በማግስቱ ስምንቱ ሰባት ይሆናል፣ ሰባቱ አምስት፤ ገበያ ያለው ሰውዬም እንደ ባለፈው «እማማ፣ ድሪቶው ስንት ነው?» ሲል ትክክል ይሆናል። ባለፈው «ድሪቶስ የለበስከው ነው» ብዬ መልሼዋለሁ። በሚመጣው ጊዜ የሚመልስለት ሰው እንዳለ እንጃ። ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ ሳይጣመም የሚሰፋ መኪና ካለ እኔ ባልኖርም ልኩ ይኖራል። የምፈልገው ይህን ነው፤ ሌላ አልፈልግም።

የክፍሉ ርዝመት አራት ሜትር ከሃያ ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ነው።

የሚከተሉትን መልስልኝ። የእናንተ መብራት ከእኛ ያነሰ ነው ይባላል፤ መኪናው በእኛ ኃይል አይቃጠልም ወይ? መርፌው ሲሰበር ከየት ይመጣል? መብራት መሐል መንገድ ላይ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ያቆመበትን ያውቃል ወይስ ከመጀመሪያው ይነሣል? እዚህ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ግድቡ በገዛ ክልላችን ነው ብለን ብንናገርም አይሰማንም።

አክስትህ
የወርቅውሃ

ዊኒፔግ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ነው።

ኮምፒውተሩን ይተዉት። ሲበላሽ አዲስ አበባም ቢወስዱት የሚያውቀው የለም። መብራት ሲጠፋበትም ይደነብራል። ደግሞ የሰው ሥራ አይደለም፤ እንጀራ የሚበላበት ሰው አጠገቡ ቆሞ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን ያህል ልበል።

በኃይሉ አያስቡ፤ ትራንስፎርመር ይደረግለታል። መርፌ እኔ ከመቶ በላይ እልካለሁ።

ሁለት ነገር ግን አሳስቦኛል። ደብዳቤዎ ድሮ አንድ ገጽ ነበር። የአሁኑ ሦስት ገጽ ሆነ፤ ቃሉ ግን አልጨመረም። ፊደሉ ነው የተለቀው።

ሌላው የክፍሉ ልኬት ነው። የለካችሁበት ሜትር ያው የድሮው ነው? ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የከሰል ካውያ አስቀምጬበት ጫፉን ያቃጠልኩት? ከሆነ የመጀመሪያው አሥር ሳንቲ ሜትር የለውም። ለወገብና ለትከሻ ሜትሩ አንዴ ብቻ ስለሚዘረጋ ካነበቡት ላይ አሥር መቀነስ ይበቃል፤ ልጅ ሆኜ ሳይቀር እንዲያ ነበር የምንለካው። ክፍል ሲለካ ግን የልብስ ሜትር አጭር ስለሆነ ሦስት ጊዜ ነው የሚዘረጋው፤ በእያንዳንዱ አሥር ይጎድላል፤ የሚቀነሰው ሠላሳ ነው። ለቀሚስ እንደተለመደው አንዴ ብቻ ተቀንሶ ከሆነ ክፍሉ አራት ሜትር ከሃያ ሳይሆን አራት ሜትር ልክ ነው። እኔ የመረጥኩት ፍሬም ከነመተላለፊያው አራት ሜትር ከአሥር ይፈልጋል።

እቴቴ፣ እርስዎ ይህን አይስቱም። ማን ነው የለካው?

ልጅዎ ስለሺ

አሶሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ስለሺ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ሜትሩ ያው ነው። የሳሊማ ባል ጁምዓ ግንበኛ ነው፤ በብረት ሜትሩ ድጋሚ ለክቶታል። አራት ሜትር ነው። ልክ ነህ። ስለ ሜትሩም ስለ ፊደሌም ከዚህ በላይ መጠየቅ አያስፈልግም።

እኔ ደግሞ የምጠይቅህ አለኝ። ከሄድክ ጀምሮ የምትጽፍልኝ እሑድ ነው፤ ሌላ ቀን ፋብሪካ ነኝ ትላለህ። መጋቢት 10 የዋለው ማክሰኞ ነው። ቀን መቁጠሪያው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መስኮት ሥር ምን ታደርግ ነበር?

የወርቅውሃ

ዊኒፔግ፣ ግንቦት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን ደብዳቤዎን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ።

ከጥር ወር ጀምሮ ፋብሪካው ውስጥ የለሁም። ኮምፒውተር ያላቸው ስምንት ማሽኖች አስገቡ፤ ስምንቱን አንዲት ልጅ ቆማ ታያቸዋለች። እኛ አሥራ አንድ ነበርን። አለቃችን መልካም ሰው ነው፤ እጃችንን ጨብጦ ነው ያሰናበተን። አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ካርቶን አነሣለሁ። ማክሰኞ የለኝም። አልነገርኩዎትም፤ ማሽን እልካለሁ ካልኩ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርዎ?

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ስጠላው ፍርዴ ቀና አይደለም፤ ይወቁት። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ስድስት ዓመት ስፌት ላይ ቆሜ ያወቅሁት ነው። ስፌት ሁለት ክር ነው፤ የላይና የታች። የታችኛው ክር ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አያውቅም። መርፌው ይወጋል፣ ይወጣል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከላይ ሲያዩት የተሰፋ ይመስላል። ሲነኩት ተመዝዞ ይወጣል። አዲሶቹ ገብተው እኛ ገና ሳንወጣ፣ አንዱ ቀን ሙሉ ሁለት ድርዝ እንዲህ ባዶውን ሰፍቶ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ የቆመችው ለዚህ ነው። የሚያይ ሰው የማያስፈልገው ማሽን የለም እቴቴ።

እኔ ተናግሬያለሁ። ክፍሉን ማን ለካው?

ስለሺ

አሶሳ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ስለሺ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ሥራ ማጣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከእኔ መደበቅህ ነው። ይህን ጽፌ ስጨርስ እኔም ያው መሆኔን አየሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አንድ ወር ያህል አስቀመጥኩት።

የለካችው ሳሊማ ናት። ሜትሩን ሰጥቻት እኔ በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከመሬት ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ማንበብ ስለማልችል ነው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለኝ። የዓይን ግፊት ነው። የምመለከተውን ከፊቴ አየዋለሁ፤ ዳርና ዳሩ ግን ጠፍቷል፤ በሸምበቆ ውስጥ እንደማየት ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው ብሎኛል። ጠብታውን ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቀኑ አደርጋለሁ።

ለሴቶቹ አልነገርኳቸውም። ድርዙን ያመጡልኛል፤ መነጽሬን አደርጋለሁ፤ የማነብ መስዬ ስምንቱን በጥፍሬ እየዳሰስኩ እቆጥራለሁ። ከየካቲት ወዲህ ግን የምተረትረው አንድም አላገኘሁም። ወይ እነሱ ጎብዘዋል፣ ወይ ጥፍሬም ዓይኔን ተከትሏል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ኮምፒውተሩን የፈለግሁት ለዚህ ነበር። ዕድሜዬን የያዝኩት ልክ በእኔ ሁለት ዓይን ላይ ብቻ የቆመ እንደሆነ ፈራሁ። ዓይን የማያስፈልገው ነገር ገዝቼላቸው ልሂድ አልኩ። አንተ ደግሞ እሱም ዓይን ይፈልጋል አልከኝ።

እንግዲያው የምታውቀውን ምረጥ። ከሌለህም ተወው፤ በጉልበታችን እንቀጥላለን።

አክስትህ
የወርቅውሃ

ዊኒፔግ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፣

እንኳን አደረሰዎ። ያልኖርኩበትን በዓል እዚህ ሆኜ ማክበር ሰለቸኝ፤ ዘንድሮ ግን ደብዳቤዎን ደግሜ ደጋግሜ ሳነብ ዋልኩ።

ማሽኗ ተልካለች። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ሲያወጣ አለቃዬን ለመንኩት፤ በብረት ዋጋ ሰጠኝ። ሌላ ማሽን አይደለም፤ ስድስት ዓመት የቆምኩባት የራሴው ናት። በግራ እጀታዋ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ፕላስተር ያገኛሉ፤ የኔ እጅ ያላበው ነው፤ ከፈለጉ ይለውጡት። ፍሬሙን አሳጥሬዋለሁ፤ ሦስት ሜትር ከአምስት ነው፤ አራት ሜትር ክፍል ውስጥ ሰው በሁለቱም በኩል ያልፋል። ትራንስፎርመሩ በሌላ ሣጥን ነው። ያለ ትራንስፎርመር አንድም ሰው እንዳይሰካት!

አሮጌ ናት፤ ስፌቱን የምትቆጥርበት ነገር የላትም። የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው የሚነዳት ሰው እጅ ነው። ከፈጠኑ ስፌቱ ይረዝማል፣ ከዘገዩ ይከማቻል። ስምንቱን እጃቸው እስኪያውቀው ብዙ ጨርቅ ይበላሻል። ይታገሱ።

ለሴቶቹም ይንገሯቸው እቴቴ። እኔ ከነገርኩዎ ወዲህ ቀሎኛል።

ልጅዎ ስለሺ

አሶሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ስለሺ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ የያዝከው ካርቶን ይቅለልህ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ ትዕግሥት ናት የጻፈችው። መልሳ አንብባልኛለች፤ ሁለት ቦታ አርሜያታለሁ።

ሣጥኖቹ ጉምሩክ አራት ወር ቆይተው በሚያዝያ መጀመሪያ በጭነት መኪና ገቡ። የስፌት መኪናዋ በበሩ አልገባ አለች። ጁምዓ መቃኑን ነቅሎ፣ አስገብቶ፣ መልሶ ገነባው። «ይቺ እንግዲህ ከዚህ ቤት አትወጣም፤ ተጋብታችኋል!» አለን። አምስት ቀን በወረቀትህ እየተመሩ ገጣጠሟት። ስድስተኛው ቀን መብራት ነበር።

ከሸርቆሌው ትእዛዝ ከቀሩን ድርዞች የመጀመሪያውን ወጠርን። ሳሊማ «የመጀመሪያ መስመር የሙዓሊማ ነው» አለች። ሁሉም እሺ አሉ። ለማንም አልነገርኩም ነበርና እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ሁለቱን እጀታ ያዝኩ። ፕላስተርህን አገኘሁት፤ አልለወጥኩትም። ነዳኋት። እንደ ጎረምሳ በቅሎ ትስባለች። ከጫፍ ጫፍ ደረስኩ፤ ለእኔ ቀጥ ያለ መሰለኝ።

ወደ ሴቶቹ ዘወር አልኩ።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

ሳሊማ መጣች። በጣቷ ስትከተለው ይሰማኛል። ቆጠረች። «ሙዓሊማ፣ ስድስት ነው። መስመሩም ወደ ግራ ሄደ።»

«ስንት አልሽ?»

«ስድስት።» ከዚያ ድምጿ አነሰ። «ይተርተር?»

«ስድስት ከሆነ ምን ትጠይቂኛለሽ!» አልኳት።

ተረተሩብኝ። ወንበር አመጡልኝና ተቀምጬ ክሩ አንድ በአንድ ሲበጠስ ሰማሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ አንድ ስፌት እንኳ አልተዉልኝም። ትዕግሥት ይህን ስትጽፍ «ስተረትር አፍሬ ነበር፤ ይበሉልኝ» ትለኛለች። አላፈረችም፤ ሰማኋት፣ እየሳቀች ነበር።

ከዚያ ነገርኳቸው። ዓይኔን አልኩ። ሳሊማ አላስጨረሰችኝም። «እናውቃለን። ሜትር ለእኔ ሰጥተህ አንተ በር ላይ የተቀመጥህ ቀን አወቅን። ሙዓሊማ ሜትሩን ለሰው አይሰጥም።» ከየካቲት ጀምሮ አንዷ የሌላዋን ሥራ ለእኔ ሳታደርስ እየቆጠረች፣ ሰባት የሆነውን በጓሮ በኩል እየተረተሩ ነው ያመጡልኝ የነበረው። ጥፍሬ አልከዳኝም። የምተረትረው ያጣሁት ስለሌለ ነው።

አሁን መስመሩን ሳሊማ ትነዳለች፤ ትዕግሥት በኋላ በኩል ቆማ የታችኛውን ክር ትጠብቃለች። አሥራ አራት ድርዝ ጨርሰናል። የማንም ጉልበት መሬት አልነካም። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጥጥ አባዝታለሁ፤ ለእሱ ዓይን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላክልኝ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርህም። ለሳሊማ አዲስ ሜትር ግዛላት፤ ከአንድ የሚጀምር። የተቃጠለው ከእኔ ጋር ይቅር።

አክስትህ
የወርቅውሃ